የውሃ ሊሊ ቅጠል በማይክሮስኮፕ ሲታይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ የውሃ ሊሊ እንደልብ አይገኝም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የጥቅምትና የኅዳር ውርጯም የታወቀ ነው። ስለዚህ የእኛ አካባቢ ተማሪ ሊሊን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ሥዕል ወይም ጣና ደርሶ ከመጣ ሰው ስልክ ላይ ነው። ቅጠሉ ቤተ ሙከራ የገባ ቀን ታዲያ ግምቱ ይበዛል። ግምቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ መነሻው አንድ ነው፤ የየብስ ተክል ቅጠል የተማረ ሰው ሊሊንም በዚያው መለኪያ ማየት ይጀምራል። ከተማሪም ከአስተማሪም የሚሰሙትን እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሊሊ ማለት እምቦጭ ነው»

አይደለም። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ መጤ አረም ነው። ሀገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፣ በ2011 ደግሞ ጣና ላይ። እሱን የሚያንሳፍፈው ያበጠው የቅጠሉ ዘንግ ነው፤ ሥሩም ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይዋልላል። ሊሊ ግን ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ወፍራም ሪዞም፣ ማለትም አግድም የሚያድግ ግንድ፣ አለው። ቅጠሎቹ ከዚያ በረጅም ዘንግ ወጥተው ውሃው ላይ ይነጠፋሉ። በሐይቆቻችን ነባር ተክል ስለሆነ «እምቦጭ መጣ!» ብሎ መንቀል ግፍ ነው።

«ስቶማታ ያለው በቅጠሉ ጀርባ ነው»

ስቶማታ የሚባሉት ቅጠሉ አየር የሚለዋወጥባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ናቸው። አባባሉ ለብዙ ዛፎች ይሠራል። ሊሊ ላይ ግን ይገለበጣል። የሚንሳፈፈው ቅጠል ስቶማታ ያለው በላይኛው ገጽ ብቻ ነው። ለምን? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ የሚሰራጨው አየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል በቀስታ ነው። ጀርባው ውሃ ላይ ተለጥፎ የሚውል ቅጠል በዚያ በኩል ቀዳዳ ቢያወጣ የሚያገኘው ነገር የለም።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። ቅጠሉን በደንብ ያድርቁት። ከላይም ከጀርባም ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በስሱ ይቀቡት። ሲደርቅ በግልጽ ፕላስተር አንሥተው የማይክሮስኮፑ መስታወት (ስላይድ) ላይ ይለጥፉት። የላይኛው ልጣጭ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው በመካከላቸው ቀዳዳ የያዙ ሴሎች ተበትነው ይታያሉ። የጀርባው ላይ እነሱ የሉም።

ቀጣዩ ክርክር የሚነሳው እዚሁ ላይ ነው።

«ይኸው ጀርባውም ላይ አለ! የተዘጋ ስቶማታ ነው»

የጀርባውን ልጣጭ አተኩሮ ያየ ሰው ትንንሽ ክብ ምልክቶች ያገኛል። ተማሪው ደስ ብሎት ይጮሃል፤ እውነቱን ለመናገር ለመሳሳት በጣም የሚመች ነገር ነው። ግን ደጋግመው ቢያዩት መካከሉ ላይ ቀዳዳ የለም፣ ጥንድ ሴልም የለም። ምልክቱ ሃይድሮፖት ይባላል። ቅጠሉ ለጋ ሳለ ቦታው ላይ ትንሽ ፀጉር ነበረች። የፀጉሯ ጫፍ ረግፎ ከሥሯ ያሉት ሴሎች ይቀራሉ። እነሱም ከውሃው ውስጥ የሟሙ ማዕድናትን ያስገባሉ። ማቅለሚያ ሲነካቸው ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ ደመቅ ብለው የሚታዩ በመሆናቸው ለመለየት አያስቸግሩም።

ባጭሩ ቅጠሉ ሥራውን ተከፋፍሏል። በላይኛው ገጽ አየር ይለዋውጣል፣ በጀርባው ከውሃው ይመገባል።

«ዝናብ ሲዘንብ ስቶማታው ውሃ ሞልቶት ይታፈናል»

የላይኛው ገጽ በሰም የተሸፈነ ነው። ጠብታው ተንከባልሎ ይሄዳል እንጂ አይተኛም። በዚህ የታወቀው ግን ሎተስ ነው፣ ሁለቱን የሚያምታታም ብዙ ነው። የሎተስ ቅጠል ከውሃው በላይ ቆሞ ይወጣል። ገጹ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጉብታዎች ከሰሙ ጋር ሆነው ጠብታውን እንደ ኳስ ያሽከረክሩታል፤ ጠብታው ሲሄድ አቧራውንም ይዞ ይሄዳል። በዝምድና ከሄድን ሎተስና ሊሊ ሩቅ ለሩቅ ናቸው። ደግሞ «የግብፅ ሰማያዊ ሎተስ» የሚባለው በእርግጥ ሊሊ ነው። እንግዲህ ስም ላይ መጣላት ዋጋ የለውም።

«እነዚያ ጥቁር ክቦች ትልልቅ ሴሎች ናቸው»

የአየር አረፋዎች ናቸው። ቅጠሉን በተከፈለ ካሮት መካከል አስገብተው በአዲስ ምላጭ በስሱ ሲቆርጡት ውስጡ በአየር ክፍሎች የተሞላ ስለሆነ አየሩ አብሮ ይመጣል። መስታወቱ ላይ ውሃ ሲጨመርበት አየሩ ጠርዙ ጥቁር የሆነ ፍጹም ክብ ይሠራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቁራጩን መጀመሪያ አልኮል ውስጥ ትንሽ ማቆየት ነው። አየሩ ሲወጣ እውነተኛው ምስል ይመጣል። ከላይ ኤፒደርሚስ የሚባለው የውጭ ሽፋን አለ፣ ከሥሩ አረንጓዴ የሆኑት ረዣዥም የፓሊሴድ ሴሎች ተደርድረዋል፣ ከዚያ ወደ ታች ከሴሉ ይልቅ ባዶው ቦታ የሚበዛበት ሰፊ ክፍል ይከተላል።

እግረ መንገድ፦ ወዲያው 400 ጊዜ ወደሚያጎላው አትሂዱ። በ40 ጀምሩ። በትልቁ የጀመረ ሰው አንድ አረፋ ላይ አፍጥጦ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

«አየሩ ለመንሳፈፊያ ብቻ ነው»

እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፣ ትንሽ ልቆይበት። አየሩ ቅጠሉን ማንሳፈፉ እውነት ነው። ትልቁ ሥራው ግን ታች ጭቃው ውስጥ ነው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሞረትና ጅሩ ላይ የሚያርስ ሰው ጉዳዩን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ክረምት ላይ ዋልካው ውሃ ሲቋጥር ስንዴው ቢጫ ይሆናል። ውሃው አፈሩ ውስጥ የነበረውን አየር ስለሚያስወጣው ሥሩ ኦክስጅን ያጣል። በእነዋሪ አካባቢ ገበሬው ሰፊ መደብ እየሠራ ውሃውን በቦይ የሚያስወጣው ለዚህ ነው። የሊሊ ሪዞም ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የሚኖረው ከዚያ በባሰ ጭቃ ውስጥ ነው። ቦይ የሚያወጣለትም የለም።

ታዲያ በምን ይተነፍሳል? ከቅጠሉ እስከ ሪዞሙ ድረስ በዘንጉ ውስጥ የሚያልፉ የአየር ቧንቧዎች አሉ። ዘንጉን አግድም ቢቆርጡት በዓይን እንኳ ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 ጆን ዴሲ የተባለ ተመራማሪ ኑፋር በሚባለው ቢጫ የውሃ ሊሊ ላይ አንድ የሚደንቅ ነገር አሳየ። አየሩ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ይነፍሳል። ፀሐይ ለጋውን ቅጠል ስታሞቀው በውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው ትንሽ ከፍ ይላል። ግፊቱ አየሩን በለጋው ቅጠል ዘንግ ወደ ሪዞሙ ያወርደዋል፤ ከዚያ በአሮጌዎቹ ቅጠሎች ዘንግ ወጥቶ ይሄዳል። አሮጌው ቅጠል ውስጡ ስለሚሳሳ ግፊት መያዝ አይችልም፣ ስለዚህ መውጫ ይሆናል። በዚህ መንገድ ወደ ሪዞሙ የሚወርደው አየር በቀን እስከ 22 ሊትር ይደርሳል። ከጭቃው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም በዚያው ተሳፍሮ ወደ ቅጠሉ ይመጣል። ሞተር የለው፣ ፓምፕ የለው። ፀሐይ ብቻ።

«ኮከቦቹ ቆሻሻ ናቸው፣ ስላይዱ ይቀየር»

አይቀየር! በአየር ክፍሎቹ መካከል ክንዳቸውን ዘርግተው የሚታዩት ኮከብ መሳይ ነገሮች የቅጠሉ የራሱ ሴሎች ናቸው። አስትሮስክለሪድ ይባላሉ። ግድግዳቸው ወፍራምና ጠንካራ ነው። ሳፍራኒን የሚባለው ማቅለሚያ ሲነካቸው ደማቅ ቀይ ይሆናሉ። ክንዳቸውን በትልቁ ማጉያ ብታዩት ገጹ ለስላሳ አይደለም፤ ደቃቅ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች ግድግዳው ውስጥ ተሰክተውበታል። የፖላራይዝድ ብርሃን ባለው ማይክሮስኮፕ ደግሞ ጨለማው ላይ እነዚያ ክሪስታሎች ያበራሉ።

ሥራቸው መደገፍ ነው። ይህን ያህል ባዶ ቦታ የያዘ ቅጠል ነፋስና ማዕበል ሲያንገላታው እንዳይጨማደድ ውስጡን ወጥረው ይይዙታል። አንድ ቁራጭ ላይ ብዙ ካልታዩ ደግሞ ምላጩ ስቷቸው ሊሆን ስለሚችል ሌላ መቁረጥ ነው።

«ውሃ ላይ ስለሚኖር ዛይለም የለውም፣ ውሃም አያተንም»

ዛይለም ውሃ የሚያመላልሰው ቧንቧ ነው፣ ፍሎየም ደግሞ ምግብ የሚያመላልሰው። አባባሉ ግማሽ እውነት አለበት። ዛይለሙ ቀንሷል፣ ከፍሎየሙ ጋር ሲነጻጸርም ደቃቃ ነው። ግን አለ። የላይኛው ገጽ ፀሐይና ነፋስ ላይ ነው የሚውለው፣ ስቶማታውም እዚያው ነው። ስለዚህ ያተናል።

«ጀርባው ሐምራዊ ስለሆነ ክሎሮፊል የለውም»

ሐምራዊው አንቶሲያኒን የሚባል ቀለም ነው፣ የሚቀመጠውም በጀርባው ኤፒደርሚስ ሴሎች ውስጥ ነው። አረንጓዴው ከሱ በላይ እንዳለ ነው። ምላጩን አንሡና እዩት።

«የዘንጉ ቧንቧ ተበትኗል፣ ስለዚህ ሞኖኮት ነው»

ዘንጉን አግድም የቆረጠ ተማሪ የዛይለምና የፍሎየም እሽጎቹን በክብ ተሰልፈው አያገኛቸውም። ተበትነው ነው ያሉት። በትምህርት ቤት ሕግ ይህ እንደ በቆሎ ሞኖኮት (ዘሩ አንድ ክክ ያለው) መሆን አለበት። መምህሩ በበኩሉ የድሮውን አመዳደብ ይዞ ዳይኮት (ባለ ሁለት ክክ) ነው ይላል። ሁለቱም አልመቱትም። የሊሊ የዘር ሐረግ ከሌሎቹ አበባማ ተክሎች የተለየው ሞኖኮትና ዳይኮት የምንላቸው ገና ሳይለያዩ ነው። ከሱ ቀድሞ የተለየው አምቦሬላ የሚባለው የኒው ካሌዶንያ ቁጥቋጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የሊሊ ጂኖም (ሙሉ የዘር መረጃ) ጥናትም ሊሊን ከእነዚህ ጥንታዊ ሐረጎች ጋር ነው ያስቀመጠው። ፈተና ላይ «ሊሊ ሞኖኮት ነው ወይስ ዳይኮት?» ተብሎ ከመጣ የተሳሳተው ጥያቄው ነው።