ቁጥሩ የጠፋበት ፈተና፦ ስቴፕ ዋንና የቀዶ ጥገና ሬዚደንሲ ምርጫ በአሜሪካ

በአሜሪካ ሐኪም ሆኖ ለመሥራት የሚያስፈልገው የፈቃድ ፈተና ዩኤስኤምኤልኢ ይባላል። ሦስት ደረጃ አለው። ስቴፕ ዋን መሠረታዊ ሳይንሱን ይፈትናል፤ ፊዚዮሎጂ፣ ፓቶሎጂ፣ ፋርማኮሎጂና የመሳሰሉትን። ስቴፕ ቱ ሲኬ በሽተኛ ፊት ሲቆሙ የሚያስፈልገውን እውቀት ይለካል። ስቴፕ ስሪን ብዙዎቹ የሚወስዱት ሬዚደንሲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጠው የስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ ከገቡ በኋላ ስለሆነ ለሬዚደንሲ ምርጫው እምብዛም አይቆጠርም። ፈተናው የተጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሲጀመር ዓላማው አንድ ነበር፦ ይህ ሰው ፈቃድ ይሰጠው ወይስ አይሰጠው?

ችግሩ ውጤቱ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ሆኖ መውጣቱ ላይ ነው። ቁጥር አንዴ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ሰው ማወዳደሪያ ያደርገዋል። ፈቃድ ሰጪው ማለፉን ብቻ ማወቅ ይበቃዋል። የሬዚደንሲ ፕሮግራሞቹ ግን «ስንት አመጣ?» ማለት ጀመሩ። የቀዶ ጥገና ዘርፎች ደግሞ በዚህ ጥያቄ ከሁሉም ይብሱ ነበር።

በ2020 የወጣው የማች መረጃ ይህን በደንብ ያሳያል። ማች ተመራቂዎችንና ፕሮግራሞችን የሚያገናኘው ዓመታዊ ምደባ ነው። ተመራቂው የሚፈልጋቸውን ፕሮግራሞች በቅደም ተከተል ይደረድራል፣ ፕሮግራሞቹም አመልካቾቹን ይደረድራሉ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ያጣምራቸዋል። ውጤቱ ማርች ውስጥ ዓርብ ቀን ይፋ ይሆናል። በዚያ ዓመት አጥንት ቀዶ ጥገና ያገኙ የአሜሪካ ተማሪዎች አማካይ የስቴፕ ዋን ነጥብ 248 ነበር። ጠቅላላ ቀዶ ጥገና 237፣ ፕላስቲክ ቀዶ ጥገና 249። ማለፊያው ያኔ 194 ነበር። 210 ያመጣ ተማሪ በሕግ ፊት ሐኪም ለመሆን ብቁ ነው። አጥንት ቀዶ ጥገና ፊት ግን ሰውም አይለው።

የፕሮግራም ዳይሬክተሮቹን ቦታ ላይ ሆነን እንየው። አንድ መካከለኛ የጠቅላላ ቀዶ ጥገና ፕሮግራም በዓመት አምስት ስድስት ሬዚደንት ይቀበላል። የሚመጣለት ማመልከቻ ግን ከሺህ ሊያልፍ ይችላል። ዳይሬክተሩ ራሱ ኦፐሬሽን የሚሠራ፣ በሽተኛ የሚያይ ሰርጀን ነው። ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጥና ማጣሪያው ላይ «230» ብሎ ይጽፋል። ግማሹ ማመልከቻ ከስክሪኑ ይጠፋል። 229 ያመጣው ልጅ የጻፈውን የግል ደብዳቤ ማንም ሳያነብለት ቀረ ማለት ነው። በ2018 በተደረገው የዳይሬክተሮች ዳሰሳ ከአስሩ ዘጠኙ ስቴፕ ዋንን ለቃለ መጠይቅ መጥሪያ መስፈርት አድርገው ጠቅሰውታል።

ሰበባቸው ስንፍና ብቻ አልነበረም። የሰርጀሪ ሬዚደንቶች በየዓመቱ አብሳይት የሚባል የጽሑፍ ፈተና ይወስዳሉ፤ ሲመረቁ ደግሞ ስፔሻሊስትነታቸውን የሚያረጋግጥ የቦርድ ፈተና አለ። ልጆቹ ቦርድ ደጋግመው ከወደቁ የፕሮግራሙ ዕውቅና ጥያቄ ውስጥ ይገባል። በስቴፕ ጥሩ ያመጣ ሰው በእነዚህም ጥሩ የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ይሄ በተደጋጋሚ ታይቷል። ፈተና የሚችል ፈተና ይችላል። ከእጅ ቅልጥፍና፣ ደም ሲፈስ ካለመደናገጥ፣ ከበሽተኛ ጋር ከመግባባት ጋር ያለው ግንኙነት ግን በጣም የሳሳ ነው።

ልኬቱም ቢሆን ዳይሬክተሮቹ እንዳሰቡት ጥርት ያለ አልነበረም። ፈተናው ያኔ ሰባት ክፍል ነበረው፤ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት፣ እስከ አርባ ጥያቄ። ለአንድ ጥያቄ ከረዥም የበሽተኛ ታሪኩ ጋር አንድ ደቂቃ ተኩል ይደርሳል። ምሳ፣ ሽንት ቤትና መተንፈሻ ሁሉ ተጠቃሎ 45 ደቂቃ። ስምንት ሰዓት የሚፈጅ ቀን ነው። ያው ሰው በሌላ ቀን ቢፈተን ነጥቡ አምስት ስድስት ከፍ ወይም ዝቅ ቢል አይገርምም። ስለዚህ 235 እና 241 ያመጡ ሁለት ልጆች በእውቀት ይለያያሉ ብሎ መማል አይቻልም። ማጣሪያው ግን ሲምልባቸው ኖረ። ደግሞ አንዴ ያለፈ ሰው ነጥቡን ላሻሽል ብሎ እንደገና መቀመጥ አይፈቀድለትም።

ይሄ ሁሉ ትምህርት ቤቶቹን አመሳቀለ። ተማሪው ሌክቸር ትቶ ዩወርልድ የሚባለውን የጥያቄ ባንክ ሲያመነዥክ፣ አንኪ በሚባለው የመሸምደጃ መተግበሪያ ላይ ካርድ ሲገለብጥ ሁለት ዓመት ያልፋል። በዘር ቡድኖች መካከል የሚታየው የነጥብ ልዩነትም ሌላ ራስ ምታት ነበር። በማርች 2019 ባለድርሻዎቹ ፊላደልፊያ ላይ ተሰብስበው መከሩ። በፌብሯሪ 2020 ውሳኔው ተነገረ። ከጃንዋሪ 26፣ 2022 ጀምሮ ስቴፕ ዋን «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ሆነ። በዚያው ቀን ማለፊያው ከ194 ወደ 196 ከፍ አለ። ኦስቲዮፓቲ በሚባለው ሌላኛው የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ዘርፍ ያሉ ተማሪዎች የሚወስዱት ኮምሌክስ ሌቭል ዋንም በዚያው ዓመት ተከተለ።

ጭንቀቱ ይቀንሳል የተባለው ምን ደረሰ? ቦታ ቀየረ። ስቴፕ ቱ ሲኬ አሁንም በቁጥር ነው የሚወጣው፤ ዳይሬክተሮቹም ማጣሪያቸውን ወደዚያ አዞሩት። በእኔ ግምት ይሄ ግማሽ መሻሻል ነው። ስቴፕ ቱ ቢያንስ በሽተኛን ይመለከታል፤ ኢንዛይም ከመሸምደድ አፐንዲሳይትስን መለየት ለሰርጀን ይቀርበዋል። ጊዜው ግን ጨካኝ ነው። ፕሮግራሞቹ ማመልከቻ ማየት የሚጀምሩት ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነው። ውጤቱ እስኪመጣ ጥቂት ሳምንታት ስለሚፈጅ ተማሪው በጁላይ ወይም በኦገስት መፈተን አለበት። በድሮው አሠራር ስቴፕ ዋን ላይ የተሸነፈ ልጅ ስቴፕ ቱ ላይ ተሽሎ መታየት ይችል ነበር፤ ወይም ገና በጊዜው አጥንት ቀዶ ጥገናን ትቶ ወደ ሌላ ዘርፍ ይዞር ነበር። አሁን አቅሙን በቁጥር የሚያውቀው ማመልከቻው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ የምርምር ዓመቱም፣ የድጋፍ ደብዳቤውም በመረጠው ዘርፍ ላይ ፈሶ አልቋል።

ሌላው ጭነት የሄደው ቁጥር ወደሌላቸው ነገሮች ነው። ወይም ቁጥር ወዳላቸው፣ ግን ወደሚያስቁ። በኒውሮሰርጀሪ (የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ጥገና) የተመደቡ የአሜሪካ ተማሪዎች በ2018 በአማካይ 18 ገደማ የምርምር ጽሑፍ፣ አብስትራክትና ገለጻ ነበራቸው። በ2024 ቁጥሩ 37 ገደማ ደረሰ። ገና ያልተመረቀ ልጅ ሠላሳ ሰባት ሥራ! እርግጥ አንድ ሥራ በሦስት ስብሰባ ሲቀርብ ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። ለዚህ ሲሉ አንድ ሁለት ዓመት ትምህርት አቋርጠው ላብራቶሪ የሚገቡ ሞልተዋል። ያን ጊዜ ማን ያበላቸዋል የሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙውን ጊዜ ቤተሰብ ነው።

አዌይ ሮቴሽን የሚሉትም እንዲሁ። ተማሪው መግባት የሚፈልግበት ሆስፒታል ሄዶ አንድ ወር ይሠራል። ሬዚደንቶቹ ሳይመጡ ከለሊቱ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ደርሶ በሽተኞቹን ያያል፣ ቁስል ይፈታል፣ ዙር ላይ ያቀርባል፣ ከዚያ ኦፐሬሽን ክፍል ሪትራክተር (የተቀደደውን ቦታ ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያ) ይዞ ይቆማል። ሁሉም እያየው ነው። ይህ ጠባዩንና ትጋቱን ከየትኛውም ፈተና በላይ ያሳያል፤ እዚህ ላይ ሰርጀኖቹን አምናቸዋለሁ። የቤት ኪራዩና የመጓጓዣው ወጪ ግን ከራሱ ኪስ ነው። የድጋፍ ደብዳቤም ቢሆን ከታዋቂ ሰርጀን ሲመጣ ይከብዳል፤ ታዋቂ ሰርጀን ደግሞ በየትምህርት ቤቱ የለም። ቁጥሩ ስንት ጥፋት ነበረበት፣ ግን ዘመድ አይጠይቅም ነበር።

ማመልከቻው ሲጎርፍባቸው ዘርፎቹ «ሲግናል» የሚባል ዘዴ አመጡ። አመልካቹ «እናንተን ከልቤ ነው የምፈልጋችሁ» የሚልበት ውስን ምልክት ይሰጠዋል። በ2020 የማመልከቻ ወቅት የአንገት በላይ ቀዶ ጥገና በአምስት ምልክት ጀመረ። በ2022 አጥንት ቀዶ ጥገና ሠላሳ አደረገው። ሠላሳ ሲሆን ምልክት ያልተላከለት ፕሮግራም ለቃለ መጠይቅ የመጥራቱ ነገር የመነመነ ነው። ስለዚህ ተማሪው የት ዕድል እንዳለው አስቀድሞ መገመት አለበት፤ ለግምቱ የሚረዳው ቁጥር ግን አንዱ ጎድሏል።

መውደቅም ዋጋው ጨምሯል። ሁሉም «አለፈ» በሚልበት መዝገብ ላይ «ወደቀ» ጎልቶ ይታያል፣ በሁለተኛው ሙከራ ቢያልፍም አይፋቅም። የሚወድቀው ደግሞ በዛ። በአሜሪካና በካናዳ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያ ሙከራ ያለፉት በ2021 ከመቶ 96 ነበሩ፣ በ2022 ወደ 93 ወረዱ። ሌላ አገር ከተማሩት ደግሞ ከ82 ወደ 74። ማለፊያው ከፍ ማለቱ አለ፣ «ማለፍ ብቻ ነው» ብሎ ዘና ማለቱም አለ።

በውጭ አገር ለተማሩት ሐኪሞች ለውጡ ከባድ ነው። ትምህርት ቤታቸውን የፕሮግራሙ ዳይሬክተር ሰምቶት አያውቅም፣ ደብዳቤ የጻፈላቸውን ፕሮፌሰርም አያውቀውም። 255 የሚለው ቁጥር ግን የትም አገር 255 ነበር። አሁን ይህን ሥራ ስቴፕ ቱ ብቻውን ይሸከማል። ብዙዎቹ የሚያገኙት ፕሪሊሚናሪ የሚባለውን የአንድ ዓመት የሰርጀሪ ቦታ ነው። ሥራው ከቋሚዎቹ ጋር አንድ ነው፣ ተረኝነቱም አንድ ነው። ለሁለተኛው ዓመት ግን ቦታ አይጠበቅላቸውም። ዓመቱ ሳይጋመስ ማመልከቻቸውን እንደገና ይከፍታሉ።