ከ«የለም» ወደ «አለ»፦ የመኖር ጥያቄ በሰሜን ሸዋ

ዓለም ለምን ኖረ? ባይኖርስ? ስለ ኮከብም ሆነ ስለ አፈር የምንጠይቀው ሁሉ «አንዳች ነገር አለ» ብሎ ይነሳል። ይህ ጥያቄ ግን መነሻውን ራሱን ይጠይቃል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝ በ1714 እ.ኤ.አ. «ምንም ከማይኖር ይልቅ አንዳች ነገር ለምን ኖረ?» ብሎ ጻፈው። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ ፈላስፎች አልተዉትም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ደግሞ ጥያቄው በሌላ መንገድ፣ በአብነት ትምህርት ቤትና በቁርአን ቤት በኩል ሲመላለስ ኖሯል።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። «ለምን» ሲፈታ «ለ» እና «ምን» ነው። የሚጠይቀው ዓላማን ነው። «ከምን» ደግሞ መነሻን ይጠይቃል። በዚህ ጉዳይ ሰዎች የማይግባቡት፣ አንዱ «ለምን» ሲል ሌላው «ከምን» ለሚለው ስለሚመልስ ይመስለኛል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለሁለቱም መልስ አለው። አክሲማሮስ የሚባለው የሥነ ፍጥረት ትምህርት 22 ፍጥረታትን ይቆጥራል። 8ቱ የተፈጠሩት እሑድ ነው። መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት፣ ከዚያ ጨለማ፣ ሰማያት፣ መላእክትና ብርሃን። ከምን ለሚለው መልሱ «እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ» ነው። «አልቦ» የለም፣ «ቦ» አለ ማለት ነው። ካለመኖር ወደ መኖር። ለምን ለሚለው ደግሞ መላእክትና ሰው ስሙን ለመቀደስ፣ ክብሩን ለመውረስ ተፈጠሩ ይባላል። ከቀረው ፍጥረት ብዙው ለአንክሮ፣ ለተዘክሮ ነው።

ተዘክሮ ማስታወስ ነው፤ አንክሮ ደግሞ መደነቅ ነው። ይህን ቃል በጣም እወደዋለሁ። ጠዋት ከጣርማበር አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ይገባዋል። ጉም ቆላውን ሲሸፍነው ከእግርህ በታች ምንም የለም። ጉሙ ሲገለጥ ገደሉ፣ ማሳው፣ መንደሩ፣ ጭላዳው ሁሉ ብቅ ይላል። ጥያቄው የሚወለደው እዚህ ነው፤ ይህ ሁሉ ባይኖርም ይችል ነበር ከሚል ድንጋጤ።

የደብረ ብርሃን ስምም ከመደነቅ የመጣ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከተማውን የመሠረቱት በሰማይ ላይ ብርሃን በመታየቱ ነው ይባላል። ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ።

ከአፋፉ ወርደን ይፋት ስንገባ የእስልምና ትምህርት ሥር የሰደደበት አገር ነው። ቁርአን አላህ አንድን ነገር ሲሻ «ሁን» ይለዋል፣ ይሆናልም ይላል። በ980 እ.ኤ.አ. የተወለደው ሙስሊሙ ፈላስፋ ኢብን ሲና ነገሩን በፍልስፍና ተነተነው። ሊኖርም ላይኖርም የሚችል ነገር አለ፤ መኖሩ ግድ የሆነም አለ። የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው አይቆምም።

ፊዚክስስ? አጽናፈ ዓለም ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እጅግ ሞቃትና ጥቅጥቅ ካለ ሁኔታ ተነስቶ እንደሰፋ በጠንካራ ማስረጃ ያሳያል። አንዳንድ ሊቃውንት ዓለም ከባዶ ሕዋ በኳንተም ሕግ፣ ማለትም በጥቃቅን ቅንጣቶች ሕግ፣ ሊወጣ ይችላል ይላሉ። ግን ያ ባዶ ሕዋ ጉልበት አለው፣ ሕግም አለው። እንደ ጣርማበር ጉም ነው። ጉሙ ሁሉን ሸፍኖ ምንም የሌለ ቢመስልም፣ እሱ ራሱ አንዳች ነገር ነው። አማርኛችን እዚህ ላይ ጠንቃቃ ነው። «ምንም» ብቻውን አይቆምም፤ «የለም» ይፈልጋል። የሌለን ነገር እንደ ዕቃ አንስተን ዓለም ከሱ ተሠራ ማለት አንችልም።

ታዲያ ጥያቄው ይመለሳል ወይ? ፈላስፋው በርትራንድ ራስል በ1948 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ ሬዲዮ ከአንድ ካህን ጋር ሲከራከር፣ ዓለም እንዲሁ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ምክንያት የለውም ብሏል። እኔ በዚህ አልረካም። ለትንሹ ነገር ሁሉ ምክንያት እየጠየቁ ለትልቁ መተው ይከብደኛል። ሳይንስ ግን ብቻውን የሚጨርሰው አይመስለኝም። ማብራሪያው ሁሌ ካለ ነገር ወይም ካለ ሕግ ይጀምራል።

ልጆች ደግሞ አይለቁም፤ «እግዜርንስ ማን ፈጠረው?» ይላሉ። የሚሰጣቸው መልስ፣ «ማን ፈጠረው» የሚባለው መጀመሪያ ላለው ነው፣ እሱ መጀመሪያ የለውም የሚል ነው። ልጁ ዝም ብሎ ያስባል። ከዚያ «መጀመሪያ የሌለው ነገር እንዴት ይኖራል?» ብሎ ይመለሳል።