ጉርጥ ስታሻግሩ መኪና እንዳይበላችሁ

ክረምት ገብቶ የሱሉልታ ሜዳ ላይ ውሃ መተኛት ሲጀምር፣ ማታ ማታ አስፋልቱን ጉርጥና እንቁራሪት ይሞላዋል። ቆዳቸው ቶሎ ስለሚደርቅ መንገድ የሚወጡት ሲዘንብና ሲመሽ ነው። ጠዋት ላይ ብዙዎቹን እንደ ቆርኪ ተጨፍልቀው እናገኛቸዋለን። እንግሊዝ አገር ብርዱ ሲለቅ በጎ ፈቃደኞች ባልዲ ይዘው እየወጡ ያሻግሯቸዋል። እኛም ሰፈር አራት ሆነን ሁለት ክረምት ሞክረነዋል። ስለ ጉርጧ ያላስጠነቀቀን ሰው የለም። ስለ መኪናው ግን ማንም ምንም አላለንም።

«ባትሪ ይዣለሁ፣ ሹፌሩ ያየኛል»

ከምንሰማቸው የተሳሳቱ ሐሳቦች ሁሉ ሰው የሚገድለው ይሄኛው ነው። የመኪናውን መብራት ከሩቅ ስላያችሁት እሱም ያያችሁ ይመስላችኋል። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመጣ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሹፌሩ አይቶ፣ ደንግጦ፣ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። መንገዱ ሲረጥብ ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈልገው ርቀት እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ መስታወቱን ዝናብ መቶታል፣ መጥረጊያው አርጅቷል፣ ከፊት የሚመጣው ሲኖትራክ ረጅም መብራቱን ለቆበታል። በዚህ መሃል ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ምኑ ይታያል? ደግሞ እኛ ስንጎነበስ ነው የምናመሸው። የቆመ ሰው ቢያንስ ሰው ይመስላል። የጎነበሰ ግን ከመኪና የወደቀ ጆንያ ነው የሚመስለው።

«ነጭ ጋቢ ደርቤያለሁ» የሚልም አለ። ከጥቁር ጃኬት ይሻላል፣ ግን የመኪናውን መብራት ወደ ሹፌሩ አይመልስም። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን አንጸባራቂ ሰደርያ ፈልጉ። ከዝናብ ልብሱ በላይ ነው የሚለበሰው። «እንዳይርስብኝ» ብሎ ከሥር የለበሰ ጓደኛ አለኝ፣ ምን ልበለው።

«እጄን ዘርግቼ አስቆመዋለሁ»

መኪና ማስቆም የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ነው። ለእናንተ የቆመውን መኪና ከኋላው የሚመጣው አይሱዙ ሳያየው ሊገባበት ይችላል። ባትሪውንም ሹፌሩ ዓይን ላይ አታብሩ፣ ለጥቂት ሰከንድ ታሳውሩታላችሁ። ወደ መሬት ይሁን። መኪና ሲመጣ ከአስፋልቱ ውጡ፣ ጉርጧ መሃል ላይ ብትሆንም። አምና አንዷን ዳር ቆሜ እያየሁ ሚኒባስ አለፈባት። በጎማዎቹ መሃል ተረፈች። ቀጣይዋ አልተረፈችም። ከባድ ነው፣ ግን ዳር መቆሜ ልክ ነበር።

«ቀኜን ይዤ እሄዳለሁ»

መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር እግረኛ ግራውን ነው የሚይዘው፣ መኪናውን ፊት ለፊት እንዲያየው። ጆሮ ማዳመጫም አይደረግም። ዳሩንም ቢሆን አትመኑት። ክዳኑ የጠፋ ቱቦ ውሃ ከሞላው ከአስፋልቱ አይለይም። ወገቡ ድረስ የገባ ሰው አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ። መንገዱን በቀን ሄዳችሁ እዩት፣ ማታ ደግሞ ዱላ ያዙ። ለቱቦውም ለውሻውም ይሆናል።

«ጉርጥ ከነካህ ኪንታሮት ያወጣብሃል»

እጅ ላይ የሚወጣው ኪንታሮት ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ቫይረስ ነው የሚመጣው። የጉርጧ ስም የጠፋው ቆዳዋ ጉብጉብ ስላለ ብቻ ነው። መርዝ ትተፋለች የሚባለውም ውሸት ነው። ግን ሐሜቱ ሙሉ በሙሉ ከሜዳ አልተነሳም። ከዓይኗ ኋላ ያሉት እብጠቶች ሲጫኑ ነጭ ፈሳሽ ያወጣሉ። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። የነከሳት ውሻም አረፋ ሊደፍቅ ይችላል። ስለዚህ ፊታችሁን አትንኩ፣ ስትጨርሱም በሳሙና ታጠቡ። ስታነሷት ብትሸናባችሁ ደግሞ ፈርታ ነው።

«ሳኒታይዘር ተቀብቼ ብይዛትስ?»

እናንተን ሳይሆን እሷን ይጎዳታል። ጉርጥ ውሃ የምትወስደው በቆዳዋ ነው፣ አየርም ጭምር። የቀባችሁት አልኮልና ሎሽን በዚያው ይገባል። በንጹህ ውሃ የራሰ እጅ ይበቃል።

«ወንዝ ወስደን ብንለቃቸው ይሻላል»

አይሻልም። ወዳቀናችበት ዳር አሻግሯት፣ በቃ። ቆዳቸውን የሚያጠቃ ፈንገስ አለ። በዓለም ላይ ብዙ ዝርያዎችን አጥፍቷል፣ እኛም አገር ተገኝቷል። ከኩሬ ኩሬ ካዘዋወርናቸው በሽታውንም አብረን እናዘዋውራለን። የጫማ ጭቃም እንደዚያው ነው።

«በጎ ሥራ ስለሆነ ማንም አይናገረንም»

ከምሽቱ 3 ሰዓት ባትሪ ይዞ ቱቦ ለቱቦ የሚዞር ሰው ሌባ ነው የሚመስለው። እኛን አንድ ዘበኛ ዱላ ይዞ አሯሩጦናል። «ጉርጥ እያሻገርን ነው» ብንለው ጭራሽ ባሰበት። አሁን ከመውጣታችን በፊት ለጎረቤትም ለዘበኛም እንናገራለን። ብቻውን የሚወጣ የለም። ከአራታችን አንዱ ጉርጥ አይነካም፣ ሥራው መኪና ማየትና «መጣ!» ማለት ነው። ያ ዘበኛ ዛሬም ይስቅብናል። ግን በላይኛው ሰፈር ጅብ ሲጮህ ደውሎ «ዛሬ ግቡ» የሚለን እሱ ነው።