«እኔማ ቆሜ እሄዳለሁ»፦ ከልብ ሕመም በኋላ ስለ ወንድና ሴት የሚነገሩ ስህተቶች

በጎጃም አንድ ከተማ፣ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። በገበያ ቀን የሚመጡ አንዲት እናት አሉ። ከነጠላቸው ሥር ፌስታል አውጥተው ባዶ የኪኒን ማሸጊያዎችን ባንኮኒው ላይ ይደረድራሉ። ማንበብ ባይችሉም አስፕሪኑን ከኮሌስትሮሉ በቀለሙ ይለያሉ፤ ቤት ስንት ፍሬ እንደቀረም ያውቃሉ። መድኃኒቱ የባለቤታቸው ነው። አምና ልባቸውን ይዟቸው ባሕር ዳር ተወስደው የተረፉ ሰው ናቸው። እናቲቱም ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ሕመም ተኝተው ተነሥተዋል። «የእርስዎስ መድኃኒት?» ስላቸው ይስቃሉ። «እኔማ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ልጄ።»

ከዚህ ሳቅ ጀርባ ያሉትን አመለካከቶች ባንኮኒው ላይ በሰማኋቸው ቅደም ተከተል ላንሣቸው።

«ልብ የሚይዘው ወንድን ነው፤ የሴቷ የቶንሲል ነው»

ግማሽ እውነት ስላለበት አስቸጋሪ ነው። በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብን ቫልቭ ሊጎዳ ይችላል፤ በየወሩ መርፌ የሚወስዱ ወጣቶችን ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ የምናወራው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው፦ የልብን ጡንቻ የሚመግበው የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ በድንገት ስለሚመጣው ሕመም። ይህ ሴትን አይምርም። የወር አበባ ከቆመ በኋላ አደጋው እየጨመረ ይሄዳል። በዓለም ላይ ከሚሞቱ ሴቶች ሲሶ ያህሉን የሚወስደው የልብና የደም ሥር ሕመም ነው። ጓዳ ውስጥ ዕድሜ ልክ የተማገው የማገዶ ጢስም የራሱ ድርሻ አለው።

«ሴት ለራሷ መድኃኒት ግዴለሽ ናት»

ይህ ነው በጣም የሚያናድደኝ። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከልብ ድንገተኛ ሕመም የተረፉ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን መዝገብ ያየ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ነበር። ከ55 ዓመት በታች ያሉ ሴቶች የሚገባቸውን መድኃኒት ሁሉ የመጀመር ዕድላቸው ከወንዶቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አንዴ ከጀመሩ በኋላ ግን አወሳሰዳቸው ከወንዶቹ አልተለየም። ክፍተቱ ያለው ደጃፉ ላይ ነው እንጂ ከገቡ በኋላ አይደለም።

ካናዳ ጎጃም አይደለችም፤ ደጃፉን ግን እኔም አየዋለሁ። ደረት መጨምደድ በሴትም ዋናው ምልክት ነው። ነገር ግን ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የመንጋጋና የጀርባ ሕመም በሴት ላይ በብዛት ይታከልበታል። ያን ጊዜ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ወይም «ብርድ መታኝ» ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቃል። ሐኪም ዘንድ የደረሰችውም ለቀጠሮ ስትጠራ ቤቱን የሚጠብቅላት፣ ላሟን የሚያልብላት የለም። ጥጃ ሸጦ የሚያሳክም ቤተሰብ ለአባት ቶሎ ይሸጣል፤ ለእናት «እስቲ ትንሽ እንየው» ይላል። እርሱን ኪኒኑን የምታስታውሰው እርሷ ናት፤ ለእርሷ አስታዋሽ አልተመደበም። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያወጡ ቤቶች ደግሞ አባልነቱ የቤተሰብ እንጂ የአባወራው ብቻ አለመሆኑን ይወቁልኝ።

«ከተሻለኝ ኪኒኑ ምን ያደርግልኛል?»

ወንዶቹ ይህን በኩራት ነው የሚሉት። አስፕሪንና የኮሌስትሮል ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ናቸው። ደም እንዳይረጋ የሚያግዘው ክሎፒዶግሬል ብዙ ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ይሰጣል፤ ስቴንት (የጠበበውን የደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) የገባለት ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ካቆመው ስቴንቱ በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል። የልብ ምትን የሚያረጋጋውን እንደ ሜቶፕሮሎል ያለ ኪኒን በድንገት መተው ደግሞ ራሱ የልብ ሕመሙን ሊያስነሣ ይችላል።

«ወንድነቴን ወሰደብኝ»

ይህንን ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም፤ ፋርማሲው ከሰው እስኪጸዳ ጠብቀው ጠጋ ይላሉ። አንዳንድ የልብ ኪኒኖች እንዲህ ሊያደርጉ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው የደም ሥሩ ሕመም ራሱ፣ ስኳር ወይም ፍርሃት ነው። ሐኪም መድኃኒቱን ሊለውጥ ይችላል፤ በድብቅ መተው ግን መፍትሔ አይሆንም። ከምላስ ሥር የሚደረግ የናይትሬት ኪኒን የያዘ ሰው በዚያ ላይ ለወንድነት ብሎ ሲልዴናፊል (ቪያግራ) ከወሰደ የደም ግፊቱ ለሕይወት በሚያሰጋ መጠን ሊወርድ ይችላል።

ሴቶቹ የሚተዉት በሌላ ምክንያት ነው፦ ሳል። ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጠው ኢናላፕሪል የሚያመጣው ደረቅ ሳል በሴቶች ላይ ይበዛል። ሐኪም ሎሳርታንን በመሰለ ሌላ ኪኒን ሊተካው ሲችል ዝም ብለው ይጥሉታል። ልጅ ለመውለድ ያሰበች ደግሞ ሁለቱም ለእርግዝና ስለማይሆኑ አስቀድማ ትናገር።

«ጾምና ጸበል ከኪኒን ጋር አይሄዱም»

በቀን አንዴ የሚወሰዱትን ሐኪም ወደ ማታ ሊያዞራቸው ይችላል። ሕመምተኛን በተመለከተ የንስሐ አባት የሚሉት አለ፤ ይጠየቁ። ጸበል የገባ ሰውም ኪኒኑን ይዞ ይግባ።

«እርሷ ውሃ እየቀዳች ስፖርት ሠርታለች»

እርሱ ከሆስፒታል ሲመለስ ይነጠፍለታል፤ ጎረቤት «አትንቀሳቀስ» ይለዋል። እርሷ በሳምንቷ ምጣድ ጥዳለች። ሁለቱም ስህተት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ገና ያላገገመ ልብ ያንን ተሸክሞ ዳገት ሊወጣ አይገባም። ለልብ የሚበጀው ከጥቂት ደቂቃ ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨምር የእግር ጉዞ ነው፤ ለወንዱም ለሴቷም። የልብ ማገገሚያ ማእከል ባለባቸው አገሮች እንኳ ወደዚያ የሚላኩት ሴቶች ከወንዶቹ ያነሱ ናቸው፤ ጥቅሙን ሲያገኙት ግን እኩል ነው።

ባለፈው ገበያ ባልየው ራሳቸው መጡ። የሚገዙት የራሳቸውን ብቻ ነበር። የባለቤታቸው መድኃኒት ከዓመት በላይ እንዳልተወሰደ መዝገቡን አሳየኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ኪሳቸውን ሁለት ጊዜ ፈተሹ፣ ከዚያ «ከእኔው አንዱን አስቀርና የእርሷን ስጠኝ» አሉ። አይሆንም አልኳቸው። ባለቤታቸውን ከነሐኪም ወረቀታቸው እንዲያመጧቸው፣ ለቀሪው ሂሳብ ደግሞ እስከሚቀጥለው ገበያ በዱቤ እንደምጽፈው ነገርኳቸው።