ቬትናምን በሞተር፦ የትኛው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ?

ከሃኖይ እስከ ሆ ቺ ሚን ከተማ በሞተር ለመውረድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚዘረጋው ካርታ ነው። ወረቀቱ ግን ይቅደም።

«ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ» ሲባል አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዱ በ1949 የጄኔቫ ስምምነት፣ ሌላው በ1968 የቪየና ስምምነት መሠረት ይሰጣል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ቬትናም የምትቀበለው የ1968ቱን ነው። አሜሪካ ደግሞ የምትሰጠው የ1949ኙን። ስለዚህ ከዋሽንግተን ወይም ከዳላስ የሚነሳ ሐበሻ ከፍሎ ያወጣው ደብተር እዚያ አያገለግለውም። ግራ ያጋባል፣ ግን ሕጉ ይኸው ነው። ጀርመን ወይም ጣሊያን የሚኖር የ1968ቱን ማውጣት ይችላል።

የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሽፋኑን እዩ። የስምምነቱ ቀን ታትሞበታል፦ 8 ኖቬምበር 1968 ወይም 19 ሴፕቴምበር 1949። ቀጥሎ ውስጡን ግለጡ። «ኤ» በሚለው የሞተር ምድብ ላይ ማኅተም ከሌለ፣ የመኪናው «ቢ» ብቻውን ለሞተር አይሆንም። የአገራችሁ ዋናው መንጃ ፈቃድም አብሮ ይያዝ።

አከራዩ ብዙ ጊዜ ምንም አይጠይቅም። ፓስፖርት ያያል፣ ቁልፍ ይሰጣል፣ በቃ። ጣጣው የሚመጣው የወደቃችሁ ቀን ነው። አብዛኛው የጉዞ ኢንሹራንስ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ለነዳ ሰው የሆስፒታል ወጪ አይከፍልም።

ከ50 ሲሲ በታች ያለ ሞተር መንጃ ፈቃድ አይጠይቅም። ሻንጣ ጭኖ የሃይ ቫንን ዳገት ለመውጣት ግን አቅም ያንሰዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ትክክለኛው ወረቀት ከሌላችሁ የአገሬውን ሾፌር ተከራይታችሁ ከኋላው ተቀመጡ። በሃ ዛንግ ተራሮች ብዙ ቱሪስት የሚጓዘው እንደዚያ ነው።