«ሁሉንም ምረጥ» ለምን ይዘገያል?

በዊንዶውስ ፎርምስ (የዊንዶውስ ፕሮግራም መስኮቶች መሥሪያ) 100,000 ረድፍ በያዘ ሊስት ቪው (የረድፎች ዝርዝር ማሳያ) ላይ ሁሉንም መምረጥ ፕሮግራሙን ደርቆ እንዲቆም ያደርገዋል በተባለ ቁጥር፣ «ሉፑን (ረድፎቹን አንድ በአንድ የሚመርጠውን ድግግሞሽ) በቢጊን አፕዴትና በኤንድ አፕዴት መካከል አስገቡት» የሚል ምክር ይከተላል። ፍጹም ስሕተት ቢሆን ኖሮ አልፈው ነበር፤ ከፊል እውነት ስላለበት ግን ሰውን ከዋናው ምክንያት ያርቃል።

ቢጊን አፕዴት የሚከለክለው ዝርዝሩ ስክሪን ላይ ደጋግሞ እንዳይሣል ብቻ ነው። አንድ ረድፍ በተመረጠ ቁጥር ዝርዝሩ ለያዘው ፎርም ሁለት ማሳወቂያ ይልካል፤ አንዱን ከለውጡ በፊት፣ ሌላውን ከለውጡ በኋላ። እነዚህን የሚያስቆም ነገር ቢጊን አፕዴት ውስጥ የለም።

መምህር «ሁላችሁም ተነሱ» በማለት ፈንታ ተማሪዎቹን በየስማቸው እየጠራ ሲያስነሳ አስቡት። ስም መጥራቱ ጊዜ ይወስዳል፤ ይበልጥ የሚያንዛዛው ግን አንድ ተማሪ በተነሳ ቁጥር የክፍሉ አለቃ የቆሙትን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ እየመዘገበ ለዳይሬክተሩ ማድረሱ ነው። ቢጊን አፕዴት መጋረጃውን መዝጋት ነው፤ ከውጭ የሚያይ ባይኖርም አለቃው መመዝገቡን አልተወም። የምርጫ ለውጥ ኢቨንታችሁ (ማሳወቂያው ሲመጣ የሚሠራው ኮዳችሁ) ውስጥ ሰለክትድ አይተምስን (የተመረጡትን ረድፎች ዝርዝር) በሉፕ የምታነቡ ከሆነ አለቃው እናንተ ናችሁ፦ ለ100,000 ረድፍ ምዝገባው ከ5 ቢሊዮን ይበልጣል። (የተመረጡትን ብዛት ብቻ መጠየቅ ርካሽ ነው፤ ውዱ ዝርዝራቸውን ማውጣት ነው።)

«ሁላችሁም ተነሱ» ማለት በዊን32 (ከዊንዶውስ ፎርምስ ሥር ባለው የዊንዶውስ የራሱ የትእዛዝ ስብስብ) ይቻላል፤ ሴት አይተም ስቴት የተባለው መልእክት በረድፍ ቁጥሩ ቦታ -1 ሲሰጠው ለሁሉም ረድፎች ይሠራል። «እንግዲያው የሚመለሰውም ማሳወቂያ አንድ ነው» የሚለው ተከራካሪ ግን ተሳስቷል። በተራ ዝርዝር ላይ ትእዛዙ አንድ ቢሆንም ተማሪዎቹ የሚነሱት አንድ በአንድ ነው፤ ማሳወቂያውም በየረድፉ ይመጣል። ስለዚህ ምርጫው እስኪያልቅ ኢቨንታችሁ ምንም ሳይሠራ እንዲመለስ የሚያደርግ ቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት የሚይዝ ምልክት) አስቀምጡ፤ የተመረጡትንም መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ አንብቡ።

እውነተኛው እፎይታ ያለው ረድፎቹን ራሱ በማያከማቸው ቨርችዋል ዝርዝር ላይ ነው፤ በዚያ -1 ሲላክ የሚመለሰውም ለሁሉም የሆነ አንድ ማሳወቂያ ነው፣ ቁጥሩም -1። ኮዳችሁ ይህን -1 እንደ ረድፍ ቁጥር ወስዶ ዳታውን እንዳይፈልግበት ተጠንቀቁ። በቨርችዋል ሁነታ ሰለክትድ አይተምስ አይሠራም፤ ሰለክትድ ኢንዴክስስን (የተመረጡትን የረድፍ ቁጥሮች) መጠቀም ግድ ነው።

ያልተጠየቅሁትን ልጨምር፦ በቨርችዋል ዝርዝር ምርጫ የሚያዘው በረድፍ ቁጥር እንጂ በዳታው ማንነት አይደለም። ተጠቃሚው ሁሉንም መርጦ ሦስቱን ካስቀረ በኋላ ዝርዝሩን በስም ቢደረድረው፣ ምርጫው በነበረበት ቁጥር ላይ ይቆያል፤ ከዚያ «ሰርዝ» ሲል ሊያስቀራቸው የፈለጋቸው ሦስቱ አብረው ሊጠፉ ይችላሉ።