ፍሪዝ ምንድን ነው?

«ዴቢያን ፍሪዝ ገብቷል፤ እስኪወጣ ድረስ ሥራ የለም» የሚል ሰው ሰሞኑን እንደገና ገጠመኝ። አይደለም ወዳጄ! ዴቢያን በነፃ የሚሰራጭ የኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ፍሪዝ ደግሞ ቀጣዩ ሪሊዝ (እትም) ከመውጣቱ በፊት በሩ የሚዘጋበት ጊዜ። የቆመው አዲስ ነገር ማስገባት ነው። ሥራውማ የሚከብደው ያኔ ነው።

ሊጥ አስቡ። ጤፉ ቦክቷል፤ ያቀረረው ውሃ ተቀድቶ አብሲት ተጥሏል። በዚህ ሰዓት አንዱ መጥቶ «የተሻለ ማኛ አገኘሁ» ብሎ ዱቄት ቢነሰንስበትስ? ማኛው ምንም አላጠፋም። ግን አልቦካም፤ ሊጡንም ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ጋጋሪዋ ዱቄቱን ትከለክላለች እንጂ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም።

ዴቢያን 13ን እንይ። በ2025 ማርች 15 ብዙ ፓኬጆችን (ሲስተሙ የተሠራባቸውን የሶፍትዌር ጥቅሎች) የሚነቀንቁ ትልልቅ ለውጦች ተዘጉ። አፕሪል 15 ላይ ለአዳዲስ ፓኬጆች በሩ ተዘጋ። ከሜይ 15 ወዲህ ዋና ዋናዎቹ ፓኬጆች ያለ ፈቃድ ማለፍ አልቻሉም። ጁላይ 27 ላይ ሁሉም ያለ ፈቃድ እንዳያልፍ ተዘጋ።

ፈቃድ የሚጠየቀው እንዲህ ነው። ባለፓኬጁ በአሮጌውና በአዲሱ ኮድ መካከል ያለውን ልዩነት መስመር በመስመር አውጥቶ ለሪሊዝ ቡድኑ ይልካል። ለምን እንዳስፈለገና ምን ሊያበላሽ እንደሚችል ይጽፋል። ከቡድኑ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያነበዋል። ሦስት መስመር የምታርም ጥገና ታልፋለች። «እግረ መንገዴን አዲሱን ቨርዥን ላስገባ» ያለ ግን ይመለሳል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። «ሥራ የለም» ሲባል የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

ደግሞ ፍሪዝ የሚገባው ቀጣዩ ሪሊዝ ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ስቴብል (ወጥቶ በሥራ ላይ ያለው እትም) የደህንነት ማሻሻያ አይቋረጥበትም።

ትልልቅ ዕቅዶች ታዲያ ከፍሪዝ በፊት ማለቅ አለባቸው። የዴቢያን 13 አንዱ ግብ ጊዜን በ64 ቢት መቁጠር ነበር። በ32 ቢት የሚቆጥሩ ሲስተሞች ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ላይ ቁጥራቸው ይሞላል። ወደ 64 ቢት መዞሩ እጅግ ብዙ ፓኬጆችን እንደገና መገንባት ይጠይቃል፤ አብሲት ከተጣለ በኋላ የሚነካ ነገር አይደለም። (ለ32 ቢት ፒሲዎች የሚሠራው አሮጌው አይ386 ከዚህ ለውጥ ውጭ መሆኑን ልብ በሉ፤ የድሮ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩበት ተብሎ የተተወ ነው።)

«እንግዲያው ቀኑን ለምን አስቀድመው አይቆርጡም?» ይሉኛል። ከዴቢያን የተገነባው ኡቡንቱ ይቆርጣል፤ አፕሪልና ኦክቶበር። እሱም ቢሆን በ2006 የአፕሪሉን ወደ ጁን ገፍቶታል። ዴቢያን የፍሪዙን ቀን ቀድሞ ያሳውቃል፤ የሚወጣበትን ግን ሊጡ ኩፍ ሲል ነው የሚናገረው። ከባድ ባጎቹ (የፕሮግራም ስህተቶቹ) ሳያልቁ መጋገር የለም።

ሊጥ ሲቆይም እንደሚኮመጥጥ አልክድም። ዉዲ ከተባለው የዴቢያን እትም እስከ ቀጣዩ ሳርጅ፣ ከጁላይ 2002 እስከ ጁን 2005፣ ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ዴቢያን 13 ግን የመጀመሪያው በር ከተዘጋ አምስት ወር ሳይሞላው፣ ኦገስት 9 ቀን 2025፣ ወጣ።